ከኋላ ክፍል የሚሰማ ሳቅ

ሰላማዊት ስትስቅ ሰው አንገቱን አዙሮ ያያል። እኔ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሙሉቀን ይህን ልዩነት ልብ የሚል ሰው አልመሰለኝም ነበር፤ በጥር መጀመሪያ የሰርግ ካባ ሲበዛብን እሷን ከሐሙሲት አምጥቶ የኋላው ክፍል እስኪያስገባት ድረስ።

ላውንደሪው የሙሉቀን ነው። እኔ ኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ሌላ ሥራ እስካገኝ ብዬ ነው መቀበያው ላይ የተቀመጥኩት። ለእናቴ «ሥራ ጠፋ» እላታለሁ። ማመልከት ማቆሜን አልነገርኳትም።

የከፋይ ካባ ውሃ ከነካው ያልቅለታል። ስለዚህ የምናጥበው በፐርክሎሮኢትሊን ነው፤ ሙሉቀን «መድኃኒቱ» ይለዋል። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ከውሃ ይበልጣልና ጄሪካኑን መጀመሪያ ያነሳ ሁሉ ይደነግጣል። እሳት አይነድበትም። የጧፍ ሰምና የቅቤ እድፍ ከፋዩን ሳያጨማድድ አሟሙቶ ያወጣል። ሽታው ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ማንም አይፈራውም። ትነቱ ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሰውን መጀመሪያ እንደ ጠጅ ያሰክራል፣ ከዚያ ራሱን ያዞረዋል፣ እየቆየም ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ካንሰር ያመጣል ተብሎም ይፈራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ለሙሉቀን ነገርኩት። ሰማኝና የኋላውን መስኮት ከፍቶ እንዳይዘጋ በሽቦ አሰረው። የዚያን ቀን ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰላማዊት ከመምጣቷ በፊት ካባውን እኔ ልጠብ ብዬው ነበር።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እጅሽ ይበላሻል» አለኝ።

የሰላማዊት እጅ ሲሰነጣጠቅ ግን ቅባት ገዝቶ ሰጣት። ባለ ሮዝ ክዳን ነው፤ አይቼዋለሁ።

እሷ ከመጣች ወዲህ ወደ ኋላው ክፍል መግባት ተውኩ። ካባ ሳቀብላት በሩን ገርበብ አድርጌ እጄን ብቻ አስገባለሁ። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነው። ምሳዋን ሳትነካው ታስቀምጠዋለች።

«አላሰኘኝም፣ ሙሌ» ትለዋለች።

ሙሌ! እኔ ሙሉ ስሙን ስጠራው እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ፍቅር የያዘው ሰው ምግብ እንደማያሰኘው ደግሞ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ደንበኛችን እትዬ ፈንታነሽ በልጃቸው ሰርግ ዋዜማ ካባውን ሊወስዱ መጡ።

«አንቺ፣ አልደረሰም? ልጄ በሹራብ ሊሞሸር ነው?»

«አሁን ያልቃል፣ እትዬ። ትንሽ ይቀመጡ።»

ያኔ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ልፍስፍስ ያለ ሳቅ። እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አዩ።

«እኛ ሳንድር እዚህ ተጀመረ እንዴ? ከማን ጋር ናት?»

«ከሙሉቀን ጋር ትሆናለች።»

«ትሆናለች ትለኛለች እንጂ! አንቺ እዚህ ደረሰኝ ስትቆርጪ ሌላዋ ትስቃለች።»

ፊቴ ነደደ። ወደ ደረሰኙ ሳጎነብስ የመንገዱ በር ተከፈተና ሙሉቀን ካባ ተሸክሞ ገባ። ለካ በጓሮ በር ወጥቶ ኖሯል። ሳቁ ግን አልቆመም።

«ውስጥ ማን አለ?» አልኩት።

«ሰላማዊት ናታ። ሌላ ማን ይኖራል?»

ብቻዋን ነበር የምትስቀው። ቀይ ጉንጯ፣ ያልተነካው ምሳ፣ ያቀረረው እንባ፣ ሁሉም ባንዴ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ሮጬ በሩን በረገድኩት።

መስኮቱ ተዘግቷል። ሽቦው ተፈቶ፣ ክፍተቱ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ሰላማዊት ከመድኃኒቱ ሳፋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ተደግፋለች፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል።

«ምሩቋ መጣች!» አለችና ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ጎን ተዘነበለች።

ትንፋሼን ይዤ ጨርቁን ነቅዬ መስኮቱን ከፈትኩት። ሙሉቀን ከኋላዬ ደርሶ መልሶ ገጠመው።

«ምች ነው የመታት! በላቧ ላይ ንፋስ ልትጨምሪባት ነው?»

«እውነቱን ነው!» አሉ እትዬ ፈንታነሽ። «ጋቢ አልብሷትና እዚሁ ትተኛ። ዳማከሴ ፈልጉላት።»

«ወለሉ ላይ አይሆንም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «መርዙ ያለው ወለሉ ላይ ነው። ይህ ምች አይደለም፤ ፈሳሹ ነው።»

ሰላማዊት ዓይኗን በግማሽ ገለጠች።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት... የጉና ብርድ ሊገለኝ ሲል። ተዋት ሙሌ፣ ቀንታ ነው።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ከመስማት ሥራውን ትቼ ብሄድ እመርጥ ነበር።

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» አልኳት። «ከመጣሽ ቀን ጀምሮ ቀንቼብሻለሁ። ከዚህ ክፍል ግን ትወጫለሽ። ሙሉቀን፣ እግሯን ያዝ።»

እትዬ ፈንታነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሙሉቀን እንደ ማያውቀው ሰው አየኝና ጎንበስ ብሎ እግሯን ያዘ።

ግቢው ውስጥ የራሰውን ሹራቧን አወለቅኩላትና የራሴን አለበስኳት። እጇን በሳሙና ሳጥባት አስመለሳት። እትዬ ፈንታነሽ ካባቸውን ረስተው ባጃጅ ጠሩ። ለሐኪሙ ምን እንደተነፈሰች የሚነግር ያስፈልግ ነበርና እኔም ገባሁ።

ሰላማዊት በመካከላችን ሆነች። ጭንቅላቷ በሙሉቀን ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እሱም በክንዱ አቀፋት። አንገቷ እንዳይሰበር ቀና እያደረገ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ያነሳላት ነበር። ስሜን አልጠራም፤ ወደ እኔም አላየም።

«እህቴ፣ ሸራውን ዝጊው እንጂ፤ ብርዱ ገባ!» አለ ሹፌሩ።

«ይግባ» አልኩት። ሸራውን በሁለት እጄ ገልጬ ይዤ፣ በሙሉቀን እቅፍ ውስጥ ሆና ስትተነፍስ እመለከታት ጀመር።