ከማጅራት ጋር ማውራት

ታናሽ እህቴን ጭራሮ እንላታለን። ቅጥነቷን አይታችሁ እንዳትንቋት፤ አፏ ጤፍ ይቆላል። በጸጉር ቤታችን እኔ ሳጥብና ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሳስገባ፣ እሷ ሹሩባ እየሠራች ደንበኛውን በወሬ የመጣበትን ታስረሳዋለች።

ባሕር ማዶ ያለ የነርሶች ኮሌጅ ተቀብሏታል። የቀራት የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነው፤ ካለፈች ትሄዳለች፣ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እኔ እንድታልፍ እፈልጋለሁ። እንድትሄድ ደግሞ አልፈልግም። ሁለቱን አንድ ሆድ እንዴት እንደቻላቸው አትጠይቁኝ።

ማንበቡንና መጻፉን ለብቻዋ ተወጣችው። ለንግግሩ ግን እኔ መላ ዘየድኩ፦ እንግሊዝኛ የምትችል ደንበኛ ሁሉ ጸጉሯን እያሠራች እንድታዋራት። ጭራሮ ሹሩባውን እየጎነጎነች እንግሊዝኛውን ስታወርደው፣ ምንም ባይገባኝም ልቤ ያብጥ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ አንዲት አስተማሪ ደንበኛችን፣ እኛ ቲቸር የምንላቸው፣ "እስቲ እንደ ፈታኝ ልሁንላት" ብለው ቤት ድረስ መጡ። ጠረጴዛ መሀል አድርገው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ጠየቋት። ጭራሮ ጸጥ አለች። ደግመው ጠየቋት። አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ታይ ጀመር።

"ባለፈው ጸጉሬን ስትሠሪ ያብራራሽልኝ ጥያቄ እኮ ነው" አሏት ቲቸር።

"አውቀዋለሁ" አለች፣ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ። "ግን እንዲህ ሲያዩኝ ይጠፋኛል።"

እማዬ ከማድ ቤት ብቅ አለችና "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ፈተና ግን አያሳልፍም" አለች። ማንም አልሳቀላትም።

በማግስቱ ሥራ ላይ ቆማ ሳያት ነገሩ ተገለጠልኝ። ጸጉር ሠሪ የሚቆመው ከሰው ጀርባ ነው። ዓይን ለዓይን ቢተያይ እንኳ በመስታወት ነው፤ እጁም ሥራ አያጣም። እኛ ይህን ሁሉ ጊዜ ያለማመድናት ከማጅራት ጋር ማውራት ነው። ፈታኟ ደግሞ ማጅራቷን ሰጥታ አትቀመጥላትም።

እጇን ይዤ የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ወንበሩን ከመስታወቱ አዞርኩት።

"እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊ።"

"እትዬ፣ ደንበኛ እየጠበቀች ነው እኮ።"

"የምትጠይቅሽ እሷው ናት።"

ከዚያ ወዲያ ተራ የምትጠብቅ ሁሉ ፊት ለፊቷ እየተቀመጠች ትጠይቃት ጀመር። ወረፋው ተንዛዛ፤ አንዷም ተናዳ ወጣች። ትውጣ። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ የምታውቀው እንግሊዝኛ "ስምሽ ማን ነው" ብቻ ስለሆነ እሱኑ እየደጋገመች አደረቀቻት። ጭራሮ መጀመሪያ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የምታየው፤ ቀጥሎ የጠያቂዋን ግንባር። በኋላ ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንግሊዝኛውም መጣ።

የፈተናው ቀን የመፈተኛው ግቢ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። "ብትወድቅ እዚሁ ትቀርልኝ ነበር" የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝና ራሴን ሰደብኩ። ሌሎቹ ተፈታኞች ወጥተው ካለቁ በኋላ ቀስ እያለች ወጣች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

"ምን ጠየቀችሽ?"

"ስለማደንቀው ሰው እንድናገር።"

"እሺ፣ ስለ ማን ተናገርሽ?"

"ስለ አንቺ። ሰዓትሽ አልቋል እስክትለኝ አላቆምኩም።"

"ምን አልሽ ስለ እኔ?"

"በእንግሊዝኛ እኮ ነው ያልኩት" አለች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ። "በራሳችን ቋንቋ፣ ዓይንሽን እያየሁ አልለውም።"

ውጤቱ ገና አልመጣም ነበር። እኔ ግን ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ፈንታ ወደ ገበያው ይዣት ታጠፍኩ።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"ሻንጣ ልንገዛ።"