ስፒሉን ጉረሺ

ጠመኔ ለእናቷ ከባድ ነገር የምትነግራት እናቷ ስፒል ስትጎርስ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊ የሆነችው እናቷ የቀሚስ ጫፍ ስታስተካክል ተንበርክካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ትይዝና አንድ በአንድ እየመዘዘች ጨርቁ ላይ ትሰካለች። በዚያ ሰዓት መቆጣት አይቻልም፤ ቢበዛ «እምም» ማለት ነው። ልጅቷ ሒሳብ መውደቋንም፣ የጎረቤት መስኮት መስበሯንም የነገረቻት እንዲህ ነው። እናትየዋም ታውቅባታለች። ሱቁ ውስጥ ያለ ሥራ ስትንቆራጠጥ ካየቻት፣ «ምነው ጠመኔ፣ ስፒል ልጉረስ እንዴ?» ትላታለች። ጠመኔ የሚለውንም ስም ያወጣችላት እሷው ናት፤ ልጅቷ ቀጭን ስለሆነች፣ ደግሞም በልጅነቷ የልብስ ጠመኔ እየሰረቀች ግድግዳውን ሁሉ በሥዕል ትሞላው ስለነበር።

ለሱቁ ጨርቅ የሚያመጣው ሰውዬ ሲለካ ከሜትሩ በላይ አንድ ስንዝር ይጨምር ነበር። «ይህቺ የልጅቷ ናት» ይላል፣ መቀሱን ከመጫኑ በፊት። እናትየው በዚያች ስንዝር ለልጇ የፀጉር ማሰሪያ፣ የእርሳስ መያዣ ትሰፋላታለች። ሰውዬው ሲወጣም፣ «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። ዕድሜ ይስጠው» ትላለች።

ሰውዬው ጠመኔን ማንም የማይጠይቃትን ይጠይቃት ነበር። ዛሬ ምን ሣልሽ? ይህን እጅጌ ከየት አመጣሽው? አንድ ቀን፣ እናቷ ጓዳ ሳለች፣ አንድ የእጅ ስልክ ሰጣት። «ለእማዬ አትንገሪያት። ታውቂያት የለ፣ ትጨነቃለች።» ሌላ ቀን፣ «ጋሼ አትበይኝ፣ ሽማግሌ ታደርጊኛለሽ። አንተ በይኝ» አላት። እናቷ ፊት «እርስዎ»፣ በስልክ «አንተ» ማለት ለመደች። ከእናቷ ስትጣላ «አትረዳሽም» ይላታል። ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠውን ጓደኛዋን «ትቀናብሻለች» አላትና ጠመኔ ለብቻዋ መቀመጥ ጀመረች።

ከዚያ ፎቶ ጠየቀ። መጀመሪያ የፊቷን። ቀጥሎ «ለዲዛይን» ብሎ ቁመቷን፣ ወገቧን ለክታ እንድትልክለት። በመጨረሻ ሌላ ዓይነት ፎቶ። እንቢ ስትለው ዝም አላት። ዝምታውን አልቻለችውምና ላከችለት።

«ቅዳሜ ሥዕሎችሽን ለሰዎች አሳያለሁ፤ ሌላ ከተማ ነው፤ አድረን እንመለሳለን» አላት። አልሄድም አለች።

«ፎቶሽ እኔ ጋ መሆኑን አትርሺ» ብሎ ጻፈላት። «እናትሽ ብታየው ምን ትሆናለች? ጨርቅስ ከማን ልታገኝ ነው?»

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለ እንደዚህ ያለ ነገር ክፍል ገብታ ተናግራ ነበር። «ከእናታችሁ ደብቁ የሚላችሁ ትልቅ ሰው ካለ፣ የሚጠብቀው እናንተን አይደለም። ምንም ብታደርጉ፣ ምንም ብትልኩ፣ መጥታችሁ ንገሩኝ» ብላ። ከኋላ ያሉት ልጆች ሲያንሾካሹኩ ጠመኔም አብራ ፈገግ አለች። የተወራው ጨለማ ውስጥ ስለሚጠብቅ ሰው መስሏት ነበር እንጂ፣ ቤታቸው ገብቶ ውሃ ስለሚጠጣ ሰው መሆኑን አላሰበችም።

በዚያው ሳምንት ሰውዬው ሱቅ መጥቶ ቀሚስ አዘዘ። «ለእህቴ ልጅ ናት። ሳታውቅ ላስደስታት ብዬ ነው፤ ለቅዳሜ ይድረስልኝ» አለና ልኩን ለእናትየው በቃሉ ነገራት። ጠመኔ የልብስ ቁልፍ እየለየች ነበር። የራሷን ወገብ፣ የራሷን ቁመት ከአፉ ስትሰማ ቁልፎቹ ከእጇ ተበተኑ።

«ምን ሆነሻል አንቺ፣ እጅሽ ቅቤ ተቀባ?» አለች እናትየው። ሰውዬው ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎም ቁልፎቹን ለቀመላት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱ ጫፉ ብቻ ቀርቶት ነበር። «ነይማ ልበሺውና ልየው። የእህቱ ልጅ አንቺን ታክላለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጠመኔ ለብሳ ወንበር ላይ ቆመች። ቀሚሱ ልክክ አለ።

እናትየው ትከሻዋን ዳሰሰችና ሳቀች። «እዪልኝ ጉዴን! የግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጌዋለሁ። እጄ ያንቺ መስሎታል።» ጠመኔ በልጅነቷ ወድቃ የግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነው፤ እናቷ ሁልጊዜ እንደዚያ ትቆርጥላታለች። «አሁን ይህን ልፈታ ነው እንግዲህ። ለነገ ይደርስ ይሆን?»

«አትፍቺው» አለች ጠመኔ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እማዬ፣ ስፒሉን ጉረሺ።»

እናትየው ቀና ብላ አየቻት። ልትቀልድ አፏን ከፈተችና ተወችው። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች።

«ቀሚሱ የእኔ ነው» አለች ልጅቷ ከወንበሩ ላይ፣ ግድግዳውን እያየች። «የእህት ልጅ የለውም።»

ነገረቻት። ስልኩን፣ ልኩን፣ ቅዳሜን። ፎቶውን ለመጨረሻ አስቀረችው፤ ከዚያ እሱንም ነገረቻት። መጀመሪያ ላይ አንድ «እምም» ነበር። ቆይቶ አንድ ስፒል ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

ጠመኔ ጩኸቱን ጠበቀች። እናቷ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ የስፒል መሰኪያው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ከንፈሯ ደምቶ ነበር።

«እኔ እኮ እመርቀው ነበር» አለች። «በዚያች ስንዝር ጨርቅ።»

«እማዬ፣ ፎቶውን እኔው ነኝ የላክሁት።»

«ብትልኪም።»

«ዋሽቼሻለሁ።»

«ብትዋሺም። ትልቁ ሰው እሱ ነው። ነይ ውረጂ፣ ልጄ።» ልታወርዳት እጇን ዘረጋች። ጠመኔ ወርዳ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሱ እንደለበሰች ነበር፤ ሁለቱም እሱን ማውለቅ ትዝ አላላቸውም።

በማግስቱ ሱቁ አልተከፈተም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሲደውሉላት ቅዳሜም ቢሆን ቢሮዋን ከፍታ ጠበቀቻቸው። «መልእክቶቹን አታጥፉ፤ እናንተ እንዳታናግሩት» አለችና ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብራቸው ሄደች። እዚያ አንዲት ሴት ፖሊስ ስልኩንና ቀሚሱን ተቀበለች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ወረቀት ውስጥ ስትከተው እንደ ልማዷ አጣጥፋ፣ ሽብሽቡን በመዳፏ አቃናችው። ከዚያ የምታደርገው ገብቷት እጇን ሰበሰበች።

ሰውዬው ተያዘ። ጉዳዩ ግን እስካሁን አላለቀም። «እሷስ ብትሆን ስልኩን ለምን ተቀበለች?» ያሉ ደንበኞች አሉ፤ ከነሱ አንዷ ያልተሰፋ ጨርቋን ተቀብላ ሄደች። ጨርቅ አሁን ከሩቅ ገበያ ይመጣል። ሻጩ ልክ በሜትሩ ላይ ይቆርጣል፤ ልብስ ሰፊዋም ዓይኗን ከመቀሱ ላይ አታነሳም።

ጠመኔ መሣል ትታለች። አልፎ አልፎ ዛሬ ምን ሣልሽ የሚላት ድምፅ ይናፍቃታል፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ይህ ነበር። ለአማካሪዋ ነገረቻት። «አያሳፍርም» አለቻት። «የናፈቀሽ መጠየቁ ነው። እሱም ያንን አይቶ ነው የመጣው።» እውነት መሆኑ ገብቷታል፤ ናፍቆቱ ግን ስለገባት ብቻ አይሄድም።

ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የስፌት መኪናውን ታቆማለች። የሚለካ ልብስ የለም፤ ወንበሩ ላይ የቆመ ደንበኛ የለም። ከትራሱ ላይ ጥቂት ስፒሎች ትነቅልና በከንፈሯ ትይዛለች። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

ጠመኔ አንዳንድ ቀን ትናገራለች። አንዳንድ ቀን ሁለቱም እንዲሁ እንደተቀመጡ ይመሻል።