የደሴ ጂግለር

የሙሀባው ልጅ ናጃት ልትዳር ነው። ኒካሁ ሁለቴ ተቀጥሮ ሁለቴ ተላልፏል፤ ያስተላለፈውም ሙሽራው ሳይሆን አባትዬው ነው። «በገዛ እጄ ካልሰጠኋት አይሆንም» ብሎ ሐይቅ ያለውን ዘመድ ሁሉ አስጠብቋል፤ እሱ ግን ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር፣ የሰው ሞተር ሳይክል ሥር ተጋድሞ ጁምዓ ይመጣል፣ ጁምዓ ይሄዳል። የሙሽራው ቤተሰቦች ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጨዋም ቢሆን ይሰለቻል። «መጪው እሑድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም» ብለዋል።

እንዲወጣ የሚያሳልፈው ሰው ከፊሉ፣ አሠሪና ዋሱ፣ አቡ ሰዕድ ነው። ኹሩጁን፣ የመውጫ ፈቃዱን ማለት ነው፣ ስልኩን ሁለቴ ቢነካ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው። ዳሩ ግን አቡ ሰዕድ የወጣትነቱን ሞተር ሳይክል ከወንድሙ መጋዘን ዝጎ አገኘውና እንደ ሕፃን ሆነ። ሙሀባውን ጠርቶ፣ «እንደ ድሮዋ ስትጮህ አሰማኝ። ራውዳ ሰፈር ቤቴ ደርሼባት በተመለስኩ ዕለት ኹሩጅህ ይወጣል፣ ወላሂ» አለው።

ይኸው ሰባት ወሩ። ሙሀባው ሳምንቱን ሙሉ ሰናኢያ፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ ወርሻ ውስጥ የጭነት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ይሰነብታል፤ ጁምዓ ሲሆን ሌላው ሰው ይተኛል፣ እሱ ሞተሯን ይይዛል። ያለፈው ዓመት ዘመቻ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ጠራርጎ ሲያስወጣ እሱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለነበረው ተረፈ። አሁን አሁን ሲደክመው፣ መትረፉ ይሁን መቅረቱ አይለይለትም።

ከሁሉ ያስቸገረችው ጂግለሯ ነበረች፤ ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ባለ ቀዳዳ ነሐስ። የድሮዋ ተበልታለች፤ ሪያድ ያለ መለዋወጫ ቤት ሁሉ ተፈልጎ ጠፋ። በመጨረሻ የሙሀባው ወንድም ጀብሪል ከደሴ ገዝቶ፣ ከእረፍት በምትመለስ አንዲት የሰፈር ልጅ እጅ ላከለት። አብሮት የሚኖረው ሾፌሩ ኃይለማርያም ያን ቀን በሳቅ ሞተ። «ነዳጅ ከሚፈልቅበት አገር ተቀምጦ የቤንዚን ማሳለፊያ ከደሴ ያስመጣ ሰው አንተን አየሁ!»

ባለፈው ጁምዓ ሞተሯ ተነሳች። አቡ ሰዕድ እነሙሀባው የሚኖሩበት ግቢ መሐል ቆሞ አዳመጠ። ድምፁ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ነበር። የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። «ይኸው ነው! አገሬ አብሃ ተራራ ላይ እንዲህ ነበር የምትጮኸው! ለመጪው ጁምዓ አሳምረህ ጠብቀኝ» ብሎ ሄደ። ሙሀባውም ለጀብሪል ደውሎ፣ «አብሽር፣ መጥቻለሁ በለኝ» አለው።

በቀጠሮው ጠዋት አስፋልቱ ባዶ ነበር። የጥር ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ሙሀባው ወደ ደቡብ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዞ ማርሽ እየጨመረ ሄደ፤ ድምፁ ደሴ ጋራዥ ሙያ የለመደበት ድምፅ ስለነበር ደስ አለው። ሰማንያ ሲደርስ ነዳጁን እስከ ጥጉ ሰጣት። ያኔ ሞተሯ ከኋላ ሰው እንደያዛት ጭምድድ አለች፣ የኋላው ጎማ ሲጢጥ አለ፤ እጁ ሳያዘው ፍሪሲዮኑን ጨበጠና ተረፈ።

ዳር ይዞ ካንዴላውን፣ እሳት የሚጭርላትን፣ ፈታ። እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኗል። ቤንዚን ጠምቷታል ማለት ነው፤ ትንሽ ቢቀጥል ፒስተኑ ግሎ ይጣበቅና ጎማው ባለበት ይቆልፋል፣ ነጂው ይበራል። አየር ታስገባ እንደሆነ አየ፤ አታስገባም። የቤንዚን መስመሩን ነፋ፤ ንጹሕ ነው። መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ካሰበ በኋላ ራሱን በጥፊ ሊመታ ምንም አልቀረው።

ደሴ ተራራ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ለስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋልና የደሴ መካኒክ ጠባብ ጂግለር ይገጥማል። ሪያድ ቆላ ናት፤ ለዚያውም በጥር ጠዋት አየሩ ወፍራም ነው። የጂግለሯን ቁጥር ለጀብሪል በስልክ የነገረው ራሱ ሙሀባው ነው፣ በልቡ ይዞት ከኖረው። አቡ ሰዕድ ደግሞ የአብሃ ተራራ ልጅ። ሁለት ደገኞች ቆላ ላይ ተገናኝተው ስሕተቱን ዘፈን አድርገው አዳመጡት።

ሞተሯን ቀስ አድርጎ ወደ ግቢው መልሶ ለኃይለማርያም ነገረው።

«አፍህን ይዘህ ስጠው» አለ ኃይለማርያም። «ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ስልኩን ይንካልህ፣ ከዚያ ኸላስ።»

«የራውዳ መንገድ ሰፊ ነው ኃይሌ። ወጣትነቱ ትዝ ሲለው እስከ ጥጉ ይሰጣታል።»

«ወንድሜ፣ ልጅህ ናት እኮ!»

ሙሀባው መፍቻውን አነሳ። ለአንድ ደቂቃ አሰበበት። እንዳንዋሽ፣ ከአንድ ደቂቃም በላይ አሰበበት። የናጃት እጅ፣ የሙሽራው እጅ፣ የእሱ እጅ በዓይኑ መጡበት። በኋላ ግን፣ «ሰው ገድዬ ኒካህ አላስርም» ብሎ ጂግለሯን ፈታ።

ከአሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ አንዲት ዘለላ ሽቦ መዝዞ ቀዳዳዋን ይሞርድ ጀመር። ሌላ ጂግለር የለም፤ የተሞረደ ነሐስ ደግሞ አይመለስም። ይህን እያወቀ ነው የሞረደው። ገጠመ፣ ነዳ፣ ፈታ፤ ካንዴላው ገና ነጭ ነው። ደግሞ ሞረደ፣ ነዳ፣ ፈታ። በአራተኛው ካንዴላው የዳቦ ቅርፊት መሰለ፤ ሞተሯም እስከ ጥጉ ተሰጥቷት እሺ ብላ ሄደች። ወገቡ ተቆረጠ። ድምፁ ግን ወፍሮ ነበር።

አቡ ሰዕድ ከሶላት በፊት ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ሞተሯ ተነሳች። ሰማ፣ ጠበቀ፣ ፊቱ ወደቀ። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ ሙሀባውም እንደ እኩያው፣ «ያ አቡ ሰዕድ፣ የቀድሞው ድምፅ ይገድልህ ነበር» ብሎ ስለ ተራራውም ስለ አየሩም አስረዳው።

«ባለፈው ጁምዓ ምንም አልሆነችም።»

«ቆማ ነበር።»

«መልሰው።»

«አይመለስም። ቀዳዳውን ሞርጄዋለሁ።»

ሰውየው ረጅም ነጭ ቶቡን ሰብስቦ ወጣባትና እየበረረ ሄደ። ሙሀባው ኹሩጁን ረስቶ፣ ያረቢ በሰላም መልሰው እያለ በሩ ላይ ቆመ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አቡ ሰዕድ ጉንጩ ቀልቶ፣ ሃያ ዓመት ቀንሶ ተመለሰ።

«እስከ መጨረሻ ሰጠኋት፣ እንደ ፈረስ ሄደች። እጅህ ይባረክ» አለ። «ግን የኔ አይደለችም። የማልኩት ስለ ድምፁ ነው። ከዚያው ከደሴ ሌላ አስመጣ፤ የዚያን ቀን ኹሩጅህን ቁጠረው።»

በሕይወት ያቆየው ሰው በሕይወት ተመልሶ ከለከለው። ሙሀባው ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አጣ። «ኢንሻአላህ» አለ።

ከሶላት መልስ ለጀብሪል ደወለ። ጀብሪል ከድምፁ ገባውና ብዙ አልጠየቀም። ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክርነት ጠርቶ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አደረገው። ናጃትም እዚያው ተቀምጣለች።

«ልጄን ናጃትን እንድትድርልኝ ወክዬሃለሁ» አለ ሙሀባው።

«አልተሰማም ወንድሜ፤ ምንድነው የሚጮኸው?»

አቡ ሰዕድ ግቢው ውስጥ ሞተሯን አስነስቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ነዳጅ ይሰጣታል፣ ይቀንሳል፣ ይሰጣታል።

«ሞተር ነው» አለ ሙሀባው። ደግሞ ተናገረ፤ አሁንም አልተሰማም። አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ፣ በቀስታ ሊናገረው የሚገባውን ቃል ግቢው እስኪሰማ ጮኾ ተናገረው። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ «ሰምተናል» አሉ። ናጃት ስታለቅስም እሱ ሰማ።