ዶሳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ናታን የእንጅባራን ሰው የሕንድ ምግብ እያስቀመስኩ ላዙረው ብሎ በተነሣበት ረቡዕ፣ ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ቆሽቱ አርሮ ነበር። መጀመሪያ ድስቶቹን የሚያመላልሰው ባጃጅ ቀረ። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ ትንንሽ ክብ ዳቦ ታዝዞ ሳለ እንደ ክንድ የረዘመ ዳቦ ጋግሮ ጠበቀው፤ ለምን ሲባልም "ያው ዳቦ አይደለም እንዴ?" አለ። ኔትወርኩ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም። ሰው በዕድሜው አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ነገር እንዲሰምርለት ቢመኝ ምን አለበት? እንጅባራ ላይ ግን አለበት መሰለኝ።

ናታን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የስታትስቲክስ መምህር ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ ነበር። እዚያ እሑድ እሑድ አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ከፊት ይሆንና ሃያ የሚሆን ሰው አስከትሎ ከሰፈር ሰፈር፣ ከምጣድ ምጣድ ያዞራል። ሁሉም ነገር በቁም ነው፤ ሁለት ጉርሻ እዚህ፣ ሁለት ጉርሻ እዚያ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ናታን ይህን ነገር ወደደው፤ በዕረፍቱም ባቡር እየተሳፈረ ሌሎች ከተሞችን እንዲሁ ዞረ። ደቡቡ ሩዝና ጥራጥሬ አቡክቶ በስሱ ይጋግርና ዶሳ ይለዋል። ሙምባይ የተጠበሰ ድንች ዳቦ ውስጥ ሸጉጦ ቫዳ ፓቭ ይለዋል። ሰሜኑ ደግሞ እንደ እንቁላል ቅርፊት ውስጡ ባዶ የሆነ የተጠበሰ ሊጥ ይወስድና፣ ድንች ከትቶ፣ ጎምዛዛ ውሃ ሞልቶ፣ ፓኒ ፑሪ ብሎ ባንድ ጊዜ ያጎርሳል። "ሕንድ ቅመም ይበላል ብሎ ማለፍ አገር መስደብ ነው" ይላል ናታን፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም።

ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ልፋት ለዶሳ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ነገሩ እህተማርያም ናት። ዳንግላ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከናታን ጋር ከተዋደዱ ሰነበቱ። አባቷ አቶ እንግዳው እህል ነጋዴ ናቸው፣ የእድራቸው ዳኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ሱቅ የማይከፍቱ ሰው። የናታን ቤተሰብ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው። ሽማግሌ ሲላክባቸው አቶ እንግዳው አልተቆጡም፤ ያልተቆጣ አባት ደግሞ ከተቆጣው ይብሳል።

"ልጁ ጨዋ ነው፤ አልጠላሁትም" አሉ። "ግን እሱ ያረደውን እኔ አልበላ፣ እኔ ያረድኩትን እናቱ አትበላ። ከእጁ የማልበላለትን ሰው እንዴት አድርጌ አማቼ ነው እላለሁ?"

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሡ። ናታን ግን ይህን ሲሰማ ተስፋ በመቁረጥ ፈንታ በራለት። ሥጋ የሌለበትን ምግብ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁዳዴ ደግሞ እየገባ ነው። እሱ ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም ያልነካው፣ ጣት የሚያስቆረጥም ምግብ ከነአገሩና ከነሰፈሩ ያውቃል። እንግዲያው አዛውንቱን ለብቻ ጠርቶ ከማስጨነቅ ለሁሉም ጥሪ ይደረግ፤ ከሰው መሃል ሆነው አንድ ቁራሽ ከእጁ ይቅመሱለት። አንድ ቁራሽ ይበቃዋል።

መናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ምግብ ቤት ያላትን ልክየለሽን ለመነና ሙያውን አስተማራት። ልክየለሽ ሙያ የማታጣ ሴት ናት፤ ችግሩ ናታን ሲያስተምር አፉ አለማረፉ ነው። ቀኑ መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ መብራት አይኖርም ሲባል ግን ናታን ማንንም ሳያማክር ረቡዕ አደረገው፤ በዚያ ሳምንት ምዝገባ ስለነበር ክፍል አልነበረውም። ለእህተማርያም መልእክት ላከላት። መልእክቱ እሷ ጋ የደረሰው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ እንዴት እንደ ደረሰ ራሱ ይገርማል።

የሆነው ሆኖ ሰው መጣ። አቶ እንግዳው መጡ። እሳቸው ከመጡ ደግሞ እድሩ ይመጣል፤ ጋቢውን የደረበ፣ ነጠላውን ያጣፋ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው መናኸሪያው ጀርባ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ጎረቤታቸው ዙሪያውን አይተው "ለመሆኑ ድንኳኑ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። ናታን ድንኳን እንደሌለ፣ ወንበርም እንደሌለ፣ ቁም ነገሩ እየተዘዋወሩ መቅመስ እንደሆነ አስረዳቸው። ሴትየዋ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዲት ሌላ ሴት በአዊኛ የሆነ ነገር አለችና ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ዶሳው ትኩስ ትኩሱን ከምጣዱ ወጣ። ናታን ስለ ደቡብ ሕንድ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ከዚያም በገዛ እጁ ለእያንዳንዱ አደለ። ሁሉም በሁለት እጅ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ መረቀ፣ ያዘ።

"እንግዲህ ቅመሱት" አለ ናታን።

"እሺ" አሉ። "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።"

ማንም አልቀመሰም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ከጉያቸው ፌስታል አወጡና ዶሳቸውን አጥፈው ከተቱ። ከዚያ ፌስታል ከየኪሱ ወጣ፤ ይህን ሁሉ ፌስታል ይዘው የመጡት አስበውበት ነው ማለት ነው። አቶ እንግዳው ፌስታል አልያዙም፤ ዶሳቸውን በነጭ መሐረብ ጠቀለሉ። ናታን ነገሩ ገባኝ አለ። መንገድ ላይ ቆሞ መብላት ነውር ነው፤ ዓላፊ አግዳሚው እያየ፣ ዓይን ያለበትም የሌለበትም እየተመለከተ ማን ይጎርሳል? ሮጦ ከልክየለሽ ቤት ወንበር አወጣና ደረደረ። ተቀመጡ። ተቀምጠውም ያዙት።

ሁለተኛው ጣቢያ የልብስ ሰፊው የስማቸው በር ላይ ነበር። ናታን ከዶሳው ተምሮ ግቢውን አስከፈተ፣ ሰዉን ወደ ውስጥ አስገባ፣ በሩን ዘጋ። ከዚህ ወዲያ ማን ያያል? ያ እንደ ክንድ የረዘመ ዳቦ ተቆራርጦ፣ ድንቹ ውስጡ ተሸጉጦ፣ ቫዳ ፓቭ ነው ተብሎ ታደለ። እንግዶቹ ግቢውን መረቁ፣ የስማቸውን ልጆች ጤና ጠየቁ፣ ዳቦውን ከዶሳው ጎን ከተቱ።

"ሲቀዘቅዝ እኮ አይጥምም!" አለ ናታን፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"ይጥማል፣ ይጥማል" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ ሊያጽናኑት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ናታንም ሦስተኛውን ጣቢያ ልተወው አላለም። እንዲያውም ተስፋው ያለው እዚያ ነበር። ፓኒ ፑሪ ፌስታል አይገባም። ውሃው ከተሞላበት ወዲያው ወደ አፍ ካልሄደ ይርሳል፣ ይፈርሳል፣ ያልቃል። እስቲ ይህንንም ይጠቅልሉትና ይታያል ብሎ በቁጣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ እየመራ አስኬዳቸው። ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ ከሯል፣ አዛውንቶቹ ዝለዋል፤ ልክየለሽ ድስቷን ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች። ናታን ራሱ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ከንዴቱ የተነሣ ረሃቡም ትዝ አላለው።

ሦስተኛው ጣቢያ ሲደርሱ ወይዘሮ ሙሉነሽ ሊጡን ለብቻ፣ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ለብቻ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ናታን አንዱን ሞላና በቀጥታ አቶ እንግዳው መዳፍ ላይ አኖረው። አዛውንቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሊጡ ራሰ፣ ተሰነጠቀ፣ ጎምዛዛው ውሃ በእጅጌያቸው ወደ ክርናቸው ወረደ። እጃቸውን አላነቃነቁም።

የናታን ትዕግሥት እዚህ ላይ ተበጠሰ። "ጋሽ እንግዳው፣ ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ሁሉንም ነገርኩዎት። ታዲያ የማይበሉት ከእኔ እጅ ስለሆነ ነው?"

አቶ እንግዳው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከዳንግላ የመጣ ሚኒባስ ቆመና እህተማርያም ወረደች። አባቷን አየች፣ እጅጌያቸውን አየች፣ ፌስታል ያንጠለጠለውን ሰው ሁሉ አየች።

"ናታን፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ረቡዕ።"

"የሁዳዴ ረቡዕ። ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ በጠዋት ይበሉልህ ነበር። ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን እህል ይቀምሳል? ውሃስ ማን ይቀምሳል?"

ናታን እዚሁ ከተማ ተወልዶ አድጓል። በሁዳዴ ጎረቤቱ ሁሉ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ዘግቶ እንደሚውል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። የሚበላውን አጥብቆ ሲያስብ የሚበላበትን ሰዓት ዘነጋው። ሲያፍር ደግሞ እንደ ማንም ያፈረ ሰው ሌላ ሰው ላይ ዞረ።

"ልክየለሽ፣ አንቺ ጾመኛ አይደለሽ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስለ ሕንድ ስትነግረኝ መች ፋታ ሰጠኸኝ?" አለች ልክየለሽ፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ጨጓራዋ ተልጧል። "ለዘጠኝ ሰዓት ይዘው የሚሄዱት መስሎኝ ነበር። ዙሩ አልክ፣ ዞርን።"

"እናንተስ?" አለ ናታን ወደ ሰዉ። "ካልበላችሁ ለምን መጣችሁ?"

"ጠርተኸን እንዴት እንቀራለን?" አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ፤ ጥያቄው ራሱ ቅር አሰኛቸው።

አቶ እንግዳው የፈረሰውን ፓኒ ፑሪ ከዶሳውና ከዳቦው ጋር መሐረባቸው ውስጥ አኖሩ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ና" አሉት ናታንን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሰው መሃል በዚያ ቃል የደፈራቸውን ልጅ ቤታቸው የሚጠሩት ለምን ሊሆን ይችላል? ምግቡን መልሰው ሊያስረክቡት ነው ብሎ አሰበ ናታን፤ መንገድ ላይ ላለማዋረድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሄደ። አቶ እንግዳው ከቅዳሴ ተመልሰው ገበታ ቀርበዋል። እህተማርያም የጾም ወጥ በእንጀራ አቅርባላቸው ነበር፤ እሱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው መሐረቡን ፈቱት። ዶሳው ደርቋል፣ ዳቦው የፓኒ ፑሪውን ውሃ ጠጥቶ ላሽቋል። ናታን በሕይወቱ ከዚህ የከፋ የሕንድ ምግብ አላየም። አዛውንቱ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጸለዩ፣ ናታንም አንገቱን ደፋ።

ከዶሳው ቆረሱና በሉ። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ እንደገና ቆረሱ። ናታን ተንፍሶ የማያውቅ ሰው ይመስል ተነፈሰ። እህተማርያም ልትቀምስ እጇን ስትሰድ "የኔ ነው፤ አንቺ ወጡን ብዪ" ብለው እጇን መለሱ። ዶሳው አልቆ ዳቦው ተጀመረ። አዛውንቱ እንዲህ ይወዱታል ብሎ ማን አሰበ? ናታን ደስታው ገፋፋውና ከመሐረቡ ጠርዝ ላይ የወደቀች የዶሳ ፍርፋሪ አንሥቶ ቀመሰ።

ጨው ነበር። ምላስ የሚያስር፣ ዓይን የሚያስጨፍን ጨው። ልክየለሽ ጾመኛ ናት፤ ጨዉን ስትጨምር በእጇ ግምት እንጂ በምላሷ አልነበረም። ሊጡን ማታ ስታቦካ ጨምራለች፤ ጠዋት በናታን ወሬ መሃል መጨመሯን ረስታ ደግማለች፤ የዳቦው ድንችም ከዚያው እጅ የወጣ ነው። እሱም ቢሆን ሲሯሯጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰውም። ይህን ነው አቶ እንግዳው ከማለዳ ጀምሮ በደረቀ ጉሮሮ፣ ገና ጠብታ ውሃ ሳይጠጡ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበሉት።

"ጋሼ፣ ይተዉት" አለ ናታን፤ ደንግጦ እጃቸውን ሊይዝ ቃጣው። "ጨው ነው እኮ። ይታመማሉ። ሌላ ቀን አሳምሬ እሠራልዎታለሁ።"

አቶ እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው አቅርሯል፣ ከጨዉ ይሁን ከሌላ አልታወቀም።

"ከእጅህ እየበላሁ ነው" አሉት። "አታቋርጠኝ።"

ዳቦውንም ጨረሱ። ከዚያ ልጃቸውን ውሃ ጠየቋት፤ ብርጭቆ ስታመጣላቸው መልሰው ጆግ እንድታመጣ ላኳት።