ዓይኗን በጨው ያጠበች አክስት

ልጅቷን እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ግን አክስትየው አንድ ቀን «ዓለም ጨለመብኝ» ብላ አልጋ ላይ ወደቀች፤ ታወርኩ አለች። የአክስቷ ልጅ ትምህርቱን ቀጠለ። እሷ ግን ደብተሯን ጥላ የአክስቷ መሪ፣ አብሳይና አጣቢ ሆነች። ለትምህርቷ ስታለቅስ አክስቷ የሰጠቻት መጽናኛ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» የሚል ብቻ ነበር። የወደቀ መርፌ ከእሷ ቀድማ የምታየው አክስቷ እንደሆነች ለሰው ብትናገር፣ ያጎረሰ እጅ ነካሽ ተባለች።

ትንሽ ጠንከር ስትል ከቤት ወጣች። ካቋረጠችበት ቀጥላ፣ ወድቃ ተነሥታ የዓይን ሐኪም ሆነች። ያኔ የአክስቷ ልጅ «እማዬን እስቲ አንቺ እያት» ብሎ ለመናት።

በእጅ የሚያዘውን ባለ መብራት መመርመሪያዋን ይዛ ሄደች። መጋረጃውን ዘጋች። በዚያ መሣሪያ የዓይንን ውስጥ ለማየት ፊት ለፊት ተጠግቶ ትንፋሽ ለትንፋሽ መገናኘት ግድ ነው። ብርሃኑ ሲያርፍበት የአክስቷ ብሌን ቶሎ ጠበበ። ነርቩ ጤናማ፣ ደም ሥሮቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ይባስ ብሎ ዓይኗ ሰረቅ አድርጎ የሐኪሟን አዲስ ቀለበት አየ።

መጮህ ትችል ነበር። መብራቱን አጠፋችና ለአክስቷ ልጅ «ነርቩ ሞቷል፤ መድኃኒት የለውም» አለችው።

አክስትየው አያለሁ እንዳትል የገዛ ውሸቷ አሰራት።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ ያዘዘችው ሁሉ ተፈጸመ። ቴሌቪዥኑ ከክፍሏ ወጣ፣ መስተዋቱ ተነሣ፣ አልጋዋ ከመስኮቱ ዳር ወደ ጓዳ ተዛወረ። እንዳትወድቅ ተብሎ ቀን ከሌት የማትለያት ሞግዚት ተቀጠረችላት። ሐኪሟ እየመጣች መብራቷን ታበራባትና ጆሮዋ ሥር «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ትላታለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የአክስትየው የልጅ ልጅ ተወልዶ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ሁሉም ሕፃኑን እያየ ሲያሞግስ፣ ለእሷ ግን በእጇ እንድትዳብሰው ብቻ አስታቀፏት። ቻለች፣ ቻለች፤ በመጨረሻ አመለጣት።

«ኧረ አፍንጫው ቁርጥ አባቱን!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አክስትየው የሐኪሟን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። «ተአምር ነው! አዳንኳት በያቸው፣ ልጄ።»

«ዓይንሽ ታሞ አያውቅም» አለች ሐኪሟ። «ሞቷል ያልኩትም ውሸቴን ነው። የእኔ ውሸት ከክረምት እስከ በጋ ነው፤ ያንቺ ግን ልጅነቴን በልቷል።»

የአክስቷ ልጅ ሕፃኑን ከአክስትየው እቅፍ ወስዶ ከቤት ወጣ። አክስትየው የሐኪሟ እግር ላይ ወድቃ ለመነቻት። ሐኪሟ ርኅራኄ ይመጣ እንደሆነ ብላ ቆማ ጠበቀች። አልመጣም። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ከሰነበተ በኋላ ልጅየው ክሊኒክ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሱን ይቅር አለችው። እናቱ ቅርቡን ማንበብ አቅቷት መነጽር እንደምትፈልግ ሲነግራት ግን የሌላ ሐኪም አድራሻ ጽፋ ሰጠችው።

«የእሷን ዓይን» አለችው፣ «እኔ አይቼ ጨርሻለሁ።»