ገለባ የሞላው ጥጃ

ጥር 2008 ላይ፣ በተቃውሞው ጊዜ፣ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቶ ነበር። ላሊሴን ደም ፈሷት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲወስዷት መኪናው ማለፊያ አጣ፤ የስድስት ወር ፅንሷ እዚያው መንገድ ዳር ወረደ። ባሏ ዲሪርሳ በነጠላዋ ጠቅልሎ ወሰደው። የት እንዳደረገው አልነገራትም።

ከዚያ ወዲህ ላሊሴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ቢጠሯት አትመልስም፤ እህል አትቀምስም።

በዚያው ሳምንት ዳለቻ የሚሏት ላማቸው ጥጃ ሞተባትና ላሟ ወተቷን ያዘች። ዲሪርሳ አባቱ ያደርጉት እንደነበረው የጥጃውን ቆዳ ገፎ፣ ገለባ ሞልቶ ሰፋውና አጠገቧ አቆመው። ዳለቻ አሸተተችው፤ ላሰችው፤ ወተቷን ለቀቀች።

ላሊሴ ከመኝታዋ የላሟን ምላስ ድምፅ ትሰማለች። በሰማች ቁጥር የራሷ ጡት እየፈሰሰ ቀሚሷን ያርሰዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ዲሪርሳ ድርቆሽ አድርሶ ሲመለስ አልጋው ባዶ ነው። ላሊሴ በረት ውስጥ ዓይን የሌለውን ጥጃ ታቅፋ ተቀምጣለች። ላሟ ጥጃውን ትታ የእሷን አንገት ትልሳለች። ሁለቱም እኩል ቀና ብለው አዩት።

“ኮቱ... ነይ፣ ቤት እንግባ” አላት፣ በኦሮምኛ ጀምሮ። አልተነሳችም።

ሮጦ ጎረቤታቸውን ነርሷን ራቢአን አመጣ።

“አበደችብኝ!”

“አላበደችም” አለች ራቢአ፣ የላሊሴን እጅ ይዛ። “ይሄ ሐዘን ከሰው ልጅ በፊት የነበረ ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ዱር የምትኖር እናት ልጇ ሲሞትባት ዝም ብላ ትተኛለች፤ ደሟ እስኪቆም፣ አውሬው እስኪያልፍ። ሰውነታችን ያንን አልረሳም። ክፋቱ፣ አንዳንዴ ‘አሁን ተነሺ’ ማለቱን ይረሳዋል። ያኔ ሕክምና ያስፈልጋል።”

ላሊሴ ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

“ላሟ ጥጃዋ መሞቱን ታውቃለች። እንዳታዝን ግን ከለከልካት።” ቀና አለች። “የኔን የት ቀበርከው?”

ዲሪርሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። “እዚያው መንገዱ ዳር። ተኩስ ነበር፤ በእጄ ነው የቆፈርኩት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?”

በማግስቱ ወሰዳት። አፈሩ ላይ ተደፍታ እስኪደክማት አለቀሰች። ሲመለሱ የጥጃውን ቆዳ ቀበሩት፤ ከዚያም ራቢአ ሆስፒታል ወስዳ ሕክምና አስጀመረቻት።

ለፋሲካ ላሊሴ ከሰው ጋር ማዕድ ቀረበች። ዳለቻ ግን አልታለብም እንዳለች ቀረች። አንዳንድ ከሰዓት እሷና ላሊሴ አጥሩ ጥግ ወደ መንገዱ ዞረው፣ ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። ዲሪርሳ ያኔ አይጠራቸውም።