ከፍራሹ በስተግራ

ማንበብ አልችልም። ይህን እስከ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ድረስ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር። አሁን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እሷ ድሮም ታውቅ ስለነበር አላፍራትም። ሌላ ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ "መነጽሬን ቤት ረሳሁት" እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ሥራዬ ፍራሽ ማደስ ነው። እናቴም ይህንኑ ስትሠራ ኖራ ነው የሞተችው። የጥጥ ፍራሽ ሰው ሲከርምበት ይደነድናል፤ ጥጡ ይቋጠራል፣ የተኛንበት ቦታ ይጎደጉዳል። እኔ ልባሱን በምላጭ እተረትራለሁ፣ ጥጡን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ በቀጭን ዱላ እወቃዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ ሞልቼ በረጅም መርፌና በሲባጎ እሰፋዋለሁ። ስጨርስ ማንም ያልተኛበት ይመስላል። በዚህ እኮራለሁ። ስፖንጅ ላይ ያደጉት አይገባቸውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጣ መምህር በጋሪ ፍራሽ አስጭኖ መጣ። ቀጭን ነው፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ያን የሚያህል ሰው የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል። ይሄ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያየው የለም አልኩ በሆዴ።

"እትዬ፣ እስከ ሐሙስ ይደርስልኛል?"

"እኔ ሐሙስ ካልኩ ሐሙስ ነው።"

"አንዲት ነገር ነበረች..." አለና አፉ ተያዘ። ጣሪያዬን አየ፣ መሬቱን አየ። "ግድ የለም፣ እላዩ ላይ ጽፌዋለሁ።"

እውነትም ለአራት የታጠፈ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶበታል። ደንበኛ ሁሉ አድራሻውን ጽፎ ይተውልኛል፤ እኔ ግን ሰው የማስታውሰው በፊቱ ነው። ነቅዬ መስኮቱ ላይ ያለችው ጣሳ ውስጥ ከተትኩት።

ከመተርተሬ በፊት እጄን ፍራሹ ላይ አሳልፋለሁ። የት ጋ ጥጡ እንደሳሳ፣ የት ጋ እንደተቋጠረ በእጅ ነው የሚታወቀው፤ እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ። በስተቀኝ የቀጭን ሰው ጎድጓዳ አለ፣ በስተግራ ወፈር ያለች ሴት። ሌላም ነገር ነበረበት፤ እሱን የሰው ጓዳ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ፍራሽ አዳሽ ያየውን ሁሉ ቢያወራ ሰፈር ይበጠበጣል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጥጡ ሁሉ ተወቅቶ ወገቤ ድረስ ተከምሯል። አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ አቧራውን ሳራግፍ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ሲባጎ ሊለምነኝ ገባ። ሬዲዮ ነው የምንለው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ አፉ ግን አልደከመም።

"እማማ፣ ጣሳዋ ውስጥ ያለችው ምንድን ናት?"

"የደንበኛ አድራሻ ናት። ተዋት።"

ሬዲዮ ደግሞ የታጠፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ዘረጋና ጮክ ብሎ አነበበው።

"እትዬ፣ በስተቀኝ ያለው የእኔ ቦታ ድንጋይ ሆኖ ወገቤን ስለፈጀው እሱን ያድሱልኝ። በስተግራ ያለውን ጎድጓዳ ግን እባክዎ አይንኩብኝ። ባለቤቴ ትተኛበት የነበረ ነው። ካረፈች አምስት ወሯ ነው። ልብሷን ዘመድ ተከፋፍሎታል፤ የቀረኝ እሱ ነው።"

ሬዲዮ ጥጡን አየ። እኔን አየ።

"እማማ... ፍራሹ ይሄ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ወረቀቱን..."

"መነጽሬን ቤት ረስቼው ነበር።"

ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ መነጽር አድርጌ አይቶኝ አያውቅም። ወረቀቱን እንደነበረው አጥፎ ጣሳዋ ውስጥ መለሰና ምንም ሳይናገር ወጣ። ሲባጎውንም ረሳው። ለዚያች ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ ከእሱ አፍ ዝምታ እንደማትወጣ የሚያውቅ ያውቃል።

እኔ የሞተ ሰው የሚገኘው መሬት ውስጥ ነው የምል ሴት ነኝ። ባሌ በተቀበረ በሳምንቱ የሁለታችንን ፍራሽ ተርትሬ ወቅቼዋለሁ። እጄንም አላሳለፍኩበት። ለሌላ ሰው ሸጥኩትና አንዲት ጠባብ አልጋ ገዛሁ። ጎበዝ ናት አሉኝ፤ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ኖርኩ። ይሄ ሰው ግን አጎብዢኝ ብሎ አልመጣም። አንዲት ጎድጓዳ ተይልኝ ነው ያለው፤ እሷን ደግሞ ዱቄት አድርጌበታለሁ።

እውነቱን ልንገረው ብል "ማንበብ አልችልም" ማለት ሊመጣ ነው። ስለዚህ ማታለል ይሻላል አልኩ። ጥጡን ሞላሁና በስተግራ በኩል ሳሳ አደረግኩት። ቀጥዬ ገና ሳልሰፋው በሬን ቀርቅሬ እላዩ ላይ ተኛሁ። ወፍራም ነኝ፣ እሷም ወፍራም ነበረች፤ ማን ይለየዋል?

ከማክሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ረቡዕን ሙሉ ተኛሁበት። ሰው ሲያንኳኳ "ሥራ ላይ ነኝ" እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ሬዲዮ በግድግዳው በኩል፣

"እማማ፣ ሥራው እንዴት ነው?" ይለኛል።

"ከባድ ነው።"

"ማንኮራፋቱን ይቀንሱት፤ ደንበኞቼ ሞተር የተከልኩ መሰላቸው።"

ሐሙስ ሰውየው መጣ። ቁልፉ አሁንም ተዛንፏል። ሰላም ካለኝ በኋላ በቀጥታ ወደ ግራው ሄዶ መዳፉን አሳረፈበት። ከትከሻው ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። እኔ መርፌዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እጁ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እትዬ፣ ይቺ የኔዋ አይደለችም።"

"ማን ልትሆን ነው ታዲያ?"

"እኔ እንጃ። ይቺኛዋ ጠርዝ ላይ ናት የተኛችው፤ ብትገላበጥ ትወድቃለች። ለሰው ቦታ ለቃ ነው የተኛችው። የኔዋ ቦታ መልቀቅ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ግድግዳ ላይ ነበር የምትለጥፈኝ።"

ዞር ብዬ ፍራሹን አየሁት። እውነቱን ነው። ያን የሚያህል ፍራሽ ለብቻዬ ይዤ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ ነው ሁለት ቀን የከረምኩት። ባሌ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጠባቧ አልጋዬ ላይ አይታወቀኝም ነበር፤ ሰፊ ቦታ ሳገኝ ግን ገላዬ እኔን ሳያማክር ለእሱ ቦታ ለቀቀ። ባሌ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ሲተኛ እንደ መስቀል ተዘርግቶ ነው። ይህን ረስቼው ነበር። እዚያው ጥጥ ላይ ቁጭ አልኩ።

"መምህር፣ የተኛሁበት እኔ ነኝ። የእርስዎን ወቅቼዋለሁ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም።"

ጣሪያዬን እንደገና አየው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ በመጨረሻ። "በአፌ መናገር ነበረብኝ።"

"አዎ፣ ነበረብዎት" አልኩት። እውነት ነዋ።

ሳቅ ያመለጠው መሰለኝ፤ ዓይኑ ግን ሞልቷል። እንደዚያ ሆኖ ላሰናብተው አልቻልኩም።

"ከመውቃቴ በፊት በእጄ አይቻታለሁ" አልኩት። "ልንገርዎት?"

"ይንገሩኝ።"

"በቀኝ ጎኗ ነው የምትተኛው፣ ፊቷን ወደ እርስዎ አዙራ። ጉልበቷን ታጥፋለች። ወፈር ያለች ናት።"

"ናት" አለ፤ ነበረች አላለም።

"አሁን ደግሞ የማያውቁትን። ሁለት ሰው በሚተኛበት ፍራሽ መሃል ላይ ማንም የማይተኛበት ጉብታ ይቀራል፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ከሆኑ ግንብ ያህል ይሆናል። በእናንተ ፍራሽ ላይ ግን ጉብታው ደረታችሁ ጋ ሲደርስ ተበልቶ አልቋል። የተበላው ቦታ ስፋቱ የአንድ ክንድ ነው። ከእሷ በኩል ተነስቶ ወደ እርስዎ ይሄዳል። የአንድ ሳምንት፣ የአንድ ወር ክንድ ጥጥ እንዲህ አይበላም። ዘመኗን ሙሉ ነው ክንዷን እርስዎ ላይ ጥላ ያደረችው።"

ሰውየው ጥጡን አየ።

"እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው" አለ። "ጠዋት ደግሞ ሁልጊዜ ቀድማኝ ትነሳለች። አርባ አንድ ዓመት... እትዬ፣ አላውቅም ነበር።"

"አሁን አወቁ።"

"የቱ ጋ ነበር?"

እጁን ይዤ መሃሉ ላይ አስቀመጥኩለት። "እዚህ ጋ።"

እኔ መርፌዬ ላይ ክር እስካስገባ ድረስ እዚያው እንዳስቀመጠ ቆየ። ዓይኔ ስለደከመ ክር ማስገባት ጊዜ ይወስድብኛል፤ ያን ቀን ደግሞ አልቸኮልኩም።

"ጥጡ ያው የሷ ጥጥ ነው አይደል?" አለኝ።

"አንዲት እፍኝ አልጨመርኩበትም።"

"እንግዲያው ሁሉንም አስተካክለው ይስፉት።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ደግሞስ እርስዎ በተኙበት ጎድጓዳ ጎን ብተኛ ጎረቤት ምን ይላል?"

"ሬዲዮ ይሰማዎታል፤ ቀስ ብለው ይናገሩ" አልኩት። ከግድግዳው ወዲያ መዶሻው ቆመ።

እሱ ልባሱን ወጥሮ ያዘልኝ፣ እኔ ሰፋሁ። በኋላ፣ በር ላይ ደርሶ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ። ሊወቅሰኝ የሚገባውን ቀን ነው በምስጋና የጨረሰው። እኔ ማመስገን አልለመደብኝም፤ የሸሚዙን ቁልፍ አስተካክዬ ቆለፍኩለትና "ደህና ይሁኑ" አልኩት። ምስጋናዬ ያቺ ቁልፍ ነበረች፤ ገብቶታል ብዬ አምናለሁ።

ጠባቧን አልጋ አውጥቼ ሰፊ አስገባሁ። አሁን ጠርዝ ላይ ነው የምተኛው፣ እያወቅኩ። የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ መሃል ላይ ተኚ፣ ትሰበሪያለሽ" እያለች ትነዘንዘኛለች። አልሰበርም። ጠዋት ስነሳ እናቴን አመሰግናለሁ፣ ያንን መምህር አመሰግናለሁ፣ ያላየኋትን ሚስቱን አመሰግናለሁ፤ በእነሱ ነው ባሌ ትከሻ እንደነበረው ያስታወስኩት።

ስሞት ፍራሼን ለሚያድስ ሰው ስጪው ብያታለሁ። ከመውቃቱ በፊት እጁን ያሳልፍበት። ይህንንም ቆመሽ በአፍሽ ንገሪው አልኳት፤ ወረቀት እንዳትሰኪበት። ሰውየው መነጽሩን ቤት ረስቶት ይሆናል።